የጆሮ እህት

ልብስ ሰፊው ጎረቤት ዓይኑን በእጀታው ጠረገና፣ «የሱን ሙዚቃ ካልሰማሁ እኮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር» አለ።

ሚጡ የሻይ ትሪ ይዛ ፊቱ ቆማ ነበር። ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ተንኳኩ። ያያት ሰው ሐዘኑ አንቀጠቀጣት ብሎ ይሆናል። እውነቱ ግን አቅለሽልሿት ነው። ይህ ሰው ከእነሱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ግድግዳ በመቀሱ እጀታ ሲደበድብ፣ «ይሄ መኖሪያ ቤት ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?» እያለ ሲጮህ የኖረ ሰው ነው። አንድ ጊዜማ ከሠፈር ሊያስነሳቸው አቤቱታ ጽፎ ሰው ሲያስፈርም ከርሟል። አቤቱታውን ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣው ደግሞ እሷው የምትሠራበት ሱቅ ነበር። አሥር ቅጂ አድርጋ ሰጥታዋለች።

አሁን የሶፋውን ደህና ጥግ ይዞ፣ ሦስተኛ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ያለቅሳል። የራሰው ዳቦ ተቆርሶ ብርጭቆው ውስጥ ሲወድቅበት በጣቱ ጎልጉሎ አወጣና ዋጠው።

«እጁ ወርቅ ነበር» አለ እያላመጠ።

«ወርቅ ነው እንጂ» አለች አክስቷ ከበሩ በኩል። «ከዚያች ጓዳ ቁጭ ብሎ ስንቱን ያስጨፈረ ልጅ።»

ሚጡ ትሪዋን ይዛ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ የእነሱ መሆኑ ቀርቶ የመንገደኛ ማረፊያ መስሏል። ከየጎረቤቱ የተሰበሰበው የፕላስቲክ ወንበር ከሳሎን ተርፎ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ሳሙናው ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር ተለጥፏል። ሰው ይገባል፣ ይስማል፣ ይቀመጣል፣ ከፔርሙዝ የተቀዳለትን ቡና ይጠጣል፣ ያንሾካሹካል፣ ይወጣል። የሚጡ ጉንጭ ከሰው እንባና ምራቅ ደርቆ አያውቅም። በየግማሽ ሰዓቱ ቧንቧው ስር ሄዳ ፊቷን ትፈትጋለች።

የሞተው ታላቅ ወንድሟ ነው። ሲወለድ የወጣለት ስም ሌላ ነበር፤ ራፐሮቹ ጆሮ ብለው ከጠሩት ወዲህ ግን ሠፈሩም ጆሮ አለው፣ በስተመጨረሻ እናቱም ጆሮ አለችው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ፎቶ ሚጡ ራሷ ናት በሱቁ ማሽን ያተመችው። ሰማያዊው ቀለም እያለቀ ስለነበር ፊቱ ወደ ቀይ አድልቷል። በፎቶው ጆሮ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሄድፎን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አሥር ጣቱን ኪቦርዱ ላይ ዘርግቶ ይስቃል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ጣቶቹ ያረፉበትን ቦታ ቢያይ ከዚያ ምንም ዜማ እንደማይወጣ ይገባው ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሴቶች አንገታቸውን አቀራርበዋል።

«በዚህ ዘመን ሰው በትርፍ አንጀት ይሞታል እንዴ?»

«ቆይቶ ነው አሉ። ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ሥራ ላይ ነበር።»

«እና ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም?»

ሚጡ ሰማች። ሰውስ ነበር ብላ አሰበችና ባዶውን ትሪ ይዛ አለፈች።

*

ነገሩ የተጀመረው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ሚጡ ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ደንበኛ በማይኖርበት የምሳ ሰዓት፣ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰው ጭኖት የረሳው የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም አገኘች። መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ነበር። ሳጥኖች አሉ፤ አንዱን ስትጫን ከበሮ ይመታል፤ ስትደረድራቸው እየዞሩ ይመታሉ። በሳምንቱ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ክዳን ሲዘጋ የሚሰማውን «ጧ» በስልኳ ቀዳችና ከከበሮው ጋር አጋባችው። ወረቀት መጋቢው «ሽ-ሽክ» ይል ነበር፤ እሱንም ጨመረች።

ያንን ለወንድሟ አሰማችው። ጆሮ በዚያን ጊዜ ሥራ ፈት ነበር። ስልክ ከሚሸጥበት ሱቅ ተባርሮ፣ ራፐር እሆናለሁ ብሎ ሁለት ዓመት ሞክሮ አልሆነለትም። ድምፁ ክፉ አልነበረም፤ ምት አይጠብቅም እንጂ። ጓደኞቹ «አንተና ከበሮው ቀጠሮ አላችሁ፣ ግን ሁልጊዜ ታረፍዳለህ» ይሉት ነበር።

አንዴ ሰማው። ደግሞ ሰማው። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። በማግስቱ የሚሳሳላትን ሞተር ብስክሌት ሸጦ ላፕቶፕ ይዞላት መጣ።

«አንቺ ሥሪ» አላት። «መሮጡን ለእኔ ተዪው።»

ይህም እውነት ነው። ሚጡ በለቅሶው ቀናት ስንት ጊዜ ልትጠላው ፈልጋ ይቺ ሞተር ብስክሌት መንገድ ላይ ትቆምባታለች።

መጀመሪያ ስቱዲዮ የሄዱት ሁለቱም ነበሩ። ባለስቱዲዮው ወፍራም፣ ወንበሩ የሚጠበው፣ ሲያወራ ከንፈሩ ጥግ አረፋ የሚይዝ ሰው ነው። ሦስቱን ቢት፣ ማለትም ራፐር ቃሉን የሚደረድርባቸውን ሦስት ምቶች፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ሲገልጥ ያየው ጆሮን ነው።

«ማነው የሠራው?»

ጆሮ ወደ እሷ ዞረ። ሚጡ ጫማዋን አየች። የክፍሉ ግድግዳ በስፖንጅ ስለተለበጠ ዝምታው ራሱ ጆሮ ይደፍን ነበር። ሦስት ራፐሮች ሶፋው ላይ ተዘርፍጠው፣ አንደኛው ጥርሱን በስልክ ካርድ ጠርዝ እየጎረጎረ ነበር። አፏን ብትከፍት የሚስቁባት መሰላት። ጆሮ ጠበቃት፤ ጥሩ አድርጎ ጠበቃት። ከዚያ «እኔ ነኝ» አለ።

በታክሲ ሲመለሱ በሳቅ ሞተዋል። ሚጡ እፎይ ብላ ነበር። ያ ሳቅ አሁን ሲታወሳት አፏ ውስጥ እንደ ሻገተ ዳቦ ይሆንባታል፤ ምክንያቱም ውሸቱን አብራው ተናግራዋለች። እሱ በአንደበቱ፣ እሷ በጫማዋ።

*

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ምላጭና ባለስቱዲዮው መጡ።

ምላጭ ከራፐሮቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ነው፤ የጆሮን ቢት ይዞ ነው የገነነው። ጥቁር መነፅሩን ሳያወልቅ ገባ። ቲሸርቱ ላይ የጆሮ ፎቶ ታትሟል። ሚጡ የሥራ ነገር ሆኖባት መጀመሪያ ያየችው ሕትመቱን ነው፤ በጥድፊያ ተጠብሶ የተለጠፈ ነው፤ በመጀመሪያው አጠባ ይላጣል። ምላጭ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከና «እማማ፣ ወንድሜን ነው ያጣሁት» አለ። ከኋላው የቆመው ባለስቱዲዮ በስልኩ ይቀርጽ ነበር። እናቷ የራፐሩን ራስ ስትደባብስ፣ ባለስቱዲዮው ፊቷ እንዲታየው ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደ።

ምላጭ ሚጡን አቅፎ ሲስማት ሽቶው ጉሮሮዋ ውስጥ ገባ።

«አንቺ የጆሮ እህት አይደለሽ» አላት። «ስላንቺ ብዙ ይነግረን ነበር።»

«ምን ይላችሁ ነበር?»

ምላጭ ግራ ተጋባ። «ማለት... እህት አለችኝ ይል ነበር።»

ባለስቱዲዮው ቡናውን ፉት ብሎ ወደ ጉዳዩ ገባ። የምላጭ አዲሱ ዘፈን ድምፁ ተቀድቷል፤ ቢቱ ግን አላለቀም። ቤዙ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ ገና ነው፣ መዝጊያው ገና ነው። ሰው እየጠበቀ ነው። ሥራው ያለው ጆሮ ላፕቶፕ ላይ ነው።

«የመጨረሻ ሥራው እኮ ነው፣ እናቴ» አለ ለእናቷ። «ስሙ እንዳይረሳ ብለን ነው። ላፕቶፑን ከሰጣችሁን የሚጨርስ ባለሙያ አለኝ።»

«ስጪያቸው» አለች እናቷ፣ ቀና ሳትል።

«የሚከፈትበትን ቃል አላውቀውም» አለች ሚጡ።

«እሱ ችግር የለውም» አለ ባለስቱዲዮው። «የሚሰብር ልጅ አለ።»

ያ ላፕቶፕ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሥራዎች አሉ። ከእነሱ ሠላሳ የሚሆኑት ወጥተዋል፤ ሌሎቹን ከእሷና ከጆሮ በቀር የሰማቸው የለም።

«ሐዘናችን ይውጣልን» አለች።

«ከነገ ወዲያ እንመለሳለን» አለ ባለስቱዲዮው፤ ተነሥቶም ትከሻዋን ይዞ ቆየ። የእጁ ወበቅ በልብሷ አልፎ ተሰማት። ሲወጡ ሄዳ ልብሷን ቀየረች።

*

ሁሉም «ጆሮ» የሚለውን ስም ለቁልምጫ ነው የያዘው። ስሙ ግን ትክክል ነበር፤ ከሚባለው ሁሉ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ከሥራ መልስ ጓዳው ውስጥ ላፕቶፑን ከፍታ ስትቀመጥ፣ ጆሮ ሁልጊዜ በሩ ላይ ይቆም ነበር። ወንበር ብትሰጠው አይቀመጥም። መቃኑን ተደግፎ፣ አንድ እግሩን በሌላው ላይ አጣጥፎ ይሰማል። ቤዝ ምን እንደሆነ፣ ስኔር የምትባለው ሹል ከበሮ የት እንደምትገባ አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም። ግን ልክ ልክ ያልሆነው ቦታ ላይ ሲደርስ ፊቱን ይቋጥራል።

«ይቺ ትዋሻለች» ይላል።

«የቷ?»

«ይቺ ጧ የምትለዋ። ያልተናደደች ሆና እንደተናደደች ታስመስላለች።»

ሚጡ ትሰድበዋለች፣ አንተ ምን ታውቃለህ ትለዋለች፤ ኋላ ስታዳምጠው እውነቱን ነው። ከበሮዋ ትዋሻለች። ታወርዳታለች፣ ትንሽ ታዘገያታለች፤ ጆሮ በሩ ላይ ራሱን መነቅነቅ ሲጀምር ያኔ ሥራው አለቀ ማለት ነው። የሚነቀንቀውም ከምቱ ውጪ ነበር።

ውጪ ስለወሰደው ስም ለብዙ ጊዜ አላወሩም። ፖስተር ላይ «ፕሮዲውሰር ጆሮ» ተብሎ ሲወጣ ለእሷ ይዞላት መጣ፤ እሷም ሳቀች። ሁለተኛው ላይ ፈገግ አለች። አምስተኛውን ሳትዘረጋው መለሰችለት። አንድ ቀን «ስሜን ከታች እንኳ ብታስገባው» አለችው። «ይቺን እንጨርስና» አላት። ከዚያም ሌላ ይቺ ትመጣለች።

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከመሞቱ ከአምስት ቀን በፊት፣ ፊቱ በርቶ ገባ። ሬድዮ ጠርቶታል። ስለ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ድምፅ ሊጠይቁት ነው፤ አገር ጉድ ያለው በእሱ ነው።

«እንዴት እንደሠራሽው ንገሪኝ» አላት። «ቀስ ብለሽ። ልያዘው።»

ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቶ ነበር። ሚጡ ወረቀቱን አየች፤ እስክሪብቶውን አየች። ያ የምሳ ሰዓት፣ ያ ክዳን፣ የወረቀቱ ሙቀት፣ ብቻዋን የሳቀችው ሳቅ፣ ሁሉ በወንድሟ አፍ ታኝኮ ሲወጣ ታያት።

«ታስጠላኛለህ» አለችው። ጮክ አላለችም። «እውነቴን ነው የምልህ። ስትበላ ታስጠላኛለህ፣ ስትስቅ ታስጠላኛለህ። በሩ ላይ ስትቆም ጀርባዬን ይበላኛል።»

ጆሮ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ እጁን ሆዱ ላይ አደረገ።

ልጅ እያለ ፈተና ሲመጣ ሆዱን ያመው ነበር። አባታቸው ሲቆጣ ሆዱን ያመው ነበር። ሆዱ የክፉ ቀን መሸሸጊያው መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

«ደግሞ ሆዴን ልትል ነው?» አለችው።

«የምሬን ነው፣ ሚጡ።»

ሄድፎኗን አድርጋ ፊቷን አዞረች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከበሮ አዳመጠች። ስታወልቀው በሩ ላይ ማንም አልነበረም፤ አልጋው ላይ ግድግዳውን አይቶ ተኝቷል። አኩርፏል አለችና ተወችው። ዓርብንም አኩርፏል አለች። ቅዳሜ ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቀው። «ከሐሙስ» አለ ጆሮ። ይህን ሲል ሚጡን አላያትም።

*

በስድስተኛው ቀን እንደተናገሩት መጡ።

ሚጡ ቧንቧው ስር ነበረች። ስትመለስ አክስቷ ላፕቶፑን ከአልጋ ሥር አውጥታ፣ በነጠላ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ለባለስቱዲዮው ስታቀብለው ደረሰች። ባለስቱዲዮው ብስኩት እየበላ ነበር። ጨርቁን ገልጦ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ቅባት የነካ ጣቱን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ። ስክሪኑ ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ ቀረ።

ሚጡ የሆነችውን አታውቅም። ሄዳ ከእጁ ወሰደችው። አልነጠቀችውም፤ ሰው የራሱን ዕቃ እንደሚያነሳ አነሳችው። ጓዳው ገብታ፣ በቀሚሷ ጫፍ ስክሪኑን ወልውላ፣ ከፈተችው።

«ቃሉን አላውቀውም አላልሽም?» አለ ባለስቱዲዮው ተከትሏት።

«ዋሽቼ ነው» አለች። «ይቀመጡ፣ ያልቅልዎታል።»

ምላጭ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ባለስቱዲዮው ቆመ። ሚጡ የምላጭን ድምፅ ከፈተች፤ ሁለት ጊዜ አዳመጠችው። ቤዙን ጀመረች። አንድ ኖታ አስገባች፣ አወጣች፣ ዝቅ አደረገችው። ድምፁ ሳሎን ደረሰ። እዚያ የነበረው ሹክሹክታ ቀጥ አለ፤ ቀጥሎ ወንበር ሲንቀጫቀጭ፣ ቀጥሎ የአክስቷ እግር ተሰማ።

«በለቅሶ ቤት ሙዚቃ?» አለች አክስቷ በሩ ላይ ቆማ። «ሰው ምን ይላል?»

ሚጡ ሌላ ኖታ አስገባች። ምላጭ መነፅሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ትንንሽና የደከሙ ነበሩ። እጆቿን ነበር የሚያየው። ባለስቱዲዮውም እጆቿን ያያል። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው እስክታልፍ ድረስ ሠራች። መዝጊያው ላይ የማሽኑን «ሽ-ሽክ» ብቻዋን አስቀረቻት፤ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም።

«አለቀ» አለች።

ባለስቱዲዮው ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ሞኝ ሰው አይደለም፤ ገብቶታል። ፊቱ ላይ ግን ሐፍረት አልታየም፣ ሒሳብ ነው የታየው። በሩን ገፋ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ እህቴ። ይሄ ነገር በመካከላችን ይቅር። ሙት የሠራው ሌላ ነው፣ ሰው በዕንባ ነው የሚሰማው። ይሄን በሱ ስም እናውጣ። ያሉትንም ቀስ እያልን በሱ ስም እናወጣለን፤ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነበር ይባላል። ላንቺ የሚገባሽን አልከለክልሽም። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አንቺ በወንድሟ መንገድ ተተካች ብለን...»

ከንፈሩ ጥግ ላይ አረፋው ነበር። ሚጡ አረፋውን እያየች መስማት አቃታት።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ይሄንንም፣ ከዚህ በፊት የወጡትንም። ስሜ ካልተጻፈ ከዚህ ቤት አንድም አይወጣም።»

«ለሟች እንኳ አታዝኚም?»

«እርስዎ ሰው ሲያለቅስ የሚቀርጹ ሰው ነዎት። ስለ ሐዘን እርስዎ አይነግሩኝም።»

በሩ ተከፈተ። አክስቷ ጆሮዋን ለጥፋበት ነበር የቆመችው። ከኋላዋ ልብስ ሰፊው፣ ከሱ ኋላ ሁለቱ የኮሪደር ሴቶች አንገታቸውን አስግገዋል።

«ምን አልሽ አንቺ?» አለች አክስቷ። «አፈሩ ሳይደርቅ ስሙን ልትገፍፊው? ወንድምሽን ሁለቴ ልትገድዪው ነው?»

አክስቷ ይህን ያለችው ምንም ሳታውቅ ነው፤ ሰው በንዴት የሚለውን ነው ያለችው። ሚጡ ግን ሰውን ሁሉ በክርኗ እየገፋች ወጣች፤ ግቢው ጥግ ደርሳ አስመለሳት። ሦስት ቀን ሙሉ ከሻይ በቀር ያልገባበት ሆድ ነው፤ የሚወጣ ነገር አጥቶ እንኳ አልተዋትም። አሁን ያስጠላት ልብስ ሰፊው አይደለም፣ አረፋውም አይደለም። ሐሙስ ዕለት ፊቷን ያዞረችው ሴት ናት።

ቀና ስትል ምላጭ በላስቲክ ጆግ ውኃ ይዞ ቆሟል። አፍስሶላት አፏን ተጉመጠመጠች።

«እናውቅ ነበር» አላት ምላጭ።

«ምኑን?»

«ስቱዲዮ መጥቶ ለፎቶ ካልሆነ በቀር አንድ ቀን ኪቦርድ ነክቶ አያውቅም። ይሄን አስተካክል ስንለው ቤት ወስጄ ነው ይላል። እቤቱ የሚሠራለት ጂኒ አለ እያልን እንስቅበት ነበር።» ጆጉን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «ጂኒዋ ማን እንደሆነች የጠየቀ የለም። ቢቱ እስከመጣ ድረስ ማን ግድ ይለዋል።»

«ያስጠላል» አለች ሚጡ።

«ያስጠላል» አለ ምላጭ። ጆጉን መሬት አስቀመጠ። «ዘፈኑ የኔ ነው፤ ባንቺ ስም ይወጣል። እሱን ለባለስቱዲዮው እኔ እነግረዋለሁ። ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«ሚጡ።»

«ሚጡ የሂፕሆፕ ስም አይደለም።»

«ምላጭስ ቢሆን የጺም ዕቃ አይደል?»

ምላጭ ሊስቅ ብሎ የቤቱ ነገር ትዝ አለውና ተወው።

*

ወሬው በአንድ ቀን ሠፈሩን አዳረሰ። ልጅቷ የሟች ወንድሟን ሥራ የኔ ነው አለች፤ ምቀኝነቱ በሕይወት እያለም ነበረባት፤ ድሮም ዓይኗ አያምርም። ልብስ ሰፊው ከግድግዳው ማዶ ሰማሁ ያለውን ሁሉ ለሰው ሲያስረዳ ዋለ። ሚጡ ፕሮዲውሰር ሆና የጀመረችው እንዲህ ነው፤ ሙት ዘራፊ ተብላ። ምላጭ ቃሉን ጠብቆ በማግስቱ ደወለ፤ ባለስቱዲዮው አኩርፎ አድሮ እሺ ብሏል።

በመጨረሻው ቀን ወንበሮቹ ለየባለቤታቸው ሄዱ። አክስቷ ሳትሰናበታት ሄደች። ቤቱ ሲጸዳ ከሶፋው ሥር የብስኩት ፍርፋሪና አንድ የማንም ያልሆነ ካልሲ ወጣ። ሚጡ ካልሲውን በእንጨት አንሥታ ጣለችው።

እናቷ ባዶው ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

«እማ» አለቻት ሚጡ። «እውነቴን ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ።

ሚጡ የሰማችውን አላመነችም።

«ሻይ ሳመጣላችሁ ወንበሩ ላይ ማን ነበር? አንቺ ነበርሽ። እሱ በሩ ላይ ነበር የሚቆመው፤ ትሪ ይዤ ማለፊያ እስካጣ።»

«ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

እናቷ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «አንቺ ሥራ አለሽ። ጠዋት ወጥተሽ ትገቢያለሽ። እሱ ምን ነበረው? አባትሽ እስኪሞት ድረስ የማይረባ እያለ ነው የጠራው። ከዚያ ሰው ሲያከብረው አየሁ። መንገድ ላይ እናቱ ናት ብለው ሲስሙኝ ደስ አለኝ። ያንቺ መሆኑን ረሳሁት።» ቀና ብላ አየቻት። «ረሳሁት አይባልም። መርሳቱን ወደድኩት።»

ሚጡ የእናቷን ፊት አየች። ስድስት ቀን ለዚያ ሁሉ ለቀስተኛ የተሰማት ያ መጠየፍ መጣ፤ ወደ እናቷ መጣ። ፈራች። ተነሥታ ጓዳው ገባችና ላፕቶፑን ከፈተች፤ ሥራው ለምላጭ ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ ልትሰማው።

ትንሽ ቆይቶ እናቷ መጣች። በሩ ላይ አልቆመችም። ከሳሎን የጎተተችውን ዱካ አስገብታ፣ ከሚጡ ወንበር አጠገብ አድርጋ፣ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። በአምስት ዓመት ውስጥ እዚያ ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው።

«ክፈቺው እስቲ» አለች።

ሚጡ ከፈተችው። እናቷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ሰማች። ከቃሉ ግማሹ እንደማያስደስታት ከንፈሯ ይናገራል። ዘፈኑ ሲያልቅ ቀና አለች።

«ደህና ነው» አለች። «እዚህ መሃል ላይ ግን ያቺ የምትመታዋ ትንሽ ትጮኻለች።»

ሚጡ ወደ ኋላ መልሳ ሰማቻት። አትጮኽም። ልክ በሚገባት ቦታ፣ በሚገባት መጠን ናት።

እጇን ዘረጋችና ትንሽ ዝቅ አደረገቻት።